በኋላ ይጸዳል!

ቤት የሚሠራ ሕዝብ በዓለም ላይ ሞልቷል። አንዱን ቤት ገና ሳይገባበት ሦስቴ የሚሠራ ግን እንደ እኛ የለም። ሌላው ሠርቶ ይጨርስና ይገባል። እኛ ጨርሰን እናፈርሳለን፣ አፍርሰን እንለጥፋለን፣ ለጥፈን እንቀባለን። ለዚህ ጥበብ እስካሁን አንድ ሐውልት አለመቆሙ ያሳዝናል። (ቢቆምም በማግሥቱ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ይቦረቡረው ነበር።)

መሐንዲሶች ቅደም ተከተል የሚባል ነገር ያበዛሉ። ቧንቧው ይዘርጋ፣ በግፊት ይፈተሽ፣ የመብራት ቱቦው ይቀበር፣ ግድግዳው ይለሰን፣ ሴራሚኩ ከዚያ በኋላ ይነጠፍ፣ ሲነጠፍም ካርቶን ይልበስ ይላሉ። ምን ያስቸኩላቸዋል? የእኛ ሰው ሴራሚኩን ያስቀድማል። ዘመድ ሊያይ ሲመጣ ያምራላ! ቧንቧ ሠራተኛው መዶሻና መሮውን ይዞ ብቅ የሚለው ከዚያ ወዲያ ነው። መታጠቢያ ቤቱን ይቆፍራል። ሴራሚስቱ ተመልሶ ይለጥፋል፤ ቀለሙ ግን ከቀድሞው ጋር አይገጥምም፣ ያ ዓይነት ከገበያ ጠፍቷል። በዚህ መንገድ አንድ ቤት ለስንት ሰው እንጀራ እንደሚሆን አስቡት።

ካርቶንና ላስቲክ አንጥፉ የሚል ባለቤት ከተገኘ ደግሞ ሁሉም በአዘኔታ ያየዋል። «ጋሼ፣ አያስቡ፣ በኋላ ይጸዳል» ይለዋል ፎርማኑ። ምን ዓይነት አጽናኝ ቃል ነው! ሲሚንቶና አሸዋው ሳሎን መሃል፣ አዲሱ ወለል ላይ ይቦካል። በኋላ ይጸዳል። ቀለም ቀቢው ብሩሹን በእጅ መታጠቢያው ያጥባል። በኋላ ይጸዳል። የተረፈው ቡኮ በውሃ ቀጥኖ በሽንት ቤቱ መቀመጫ ይለቀቃል። ሲሚንቶ ውሃ ውስጥም እንደሚጠነክር ለቧንቧው የነገረው የለም።

«በኋላ» የተባለችው ቀን ስትደርስ አሲድ ይመጣል። ወለሉ ላይ ይደፋል፣ ይጨሳል፣ ሁሉም እያሳለ ወደ በረንዳ ይሸሻል። ሲሚንቶው በእርግጥ ይለቃል። በሴራሚኮቹ መሃል የተሞላውም አብሮ ይለቃል፣ እብነ በረዱም ወዙን ያጣል፣ የሚያብረቀርቀው የቧንቧ እጀታም በጭሱ ብቻ ይጠቁራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ አንለቅምም፣ አሲድ እንደፋበታለን።

ውሃ አጠቃቀማችንም ሊመሰገን ይገባል። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ያ አርማታ ጠምቶት ይሰነጠቃል። ውሃ ማየት የሌለበት የጂፕሰም ኮርኒስ ግን ከላይኛው ፎቅ ጠግቦ ይጠጣል።

የዚህ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ኮንዶሚኒየም ነው። ኮዬ ፈጬም ሆነ ቦሌ አራብሳ፣ ሁሉም ፊኒሺንጉን በየራሱ ጊዜ ይጀምራል። አንዱ ዘንድሮ፣ ጎረቤቱ ለከርሞ። ከታች ያለው ቀለም ቀብቶ መጋረጃ ሲሰቅል ከላይ ያለው ሴራሚክ መስበር ይጀምራል። አዲስ በር የገጠመም ፍሬሙን በአሸዋ ጆንያና በፌሮ ያስባርካል። ማን ሰበረው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ኤሌክትሪሺያኑ «ቧንቧ ሠራተኞቹ ናቸው» ይላል፣ ቧንቧ ሠራተኞቹ ቀለም ቀቢውን ያሳያሉ፣ ቀለም ቀቢው ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ዘበኛው ምንም አላየም።

እንዲህ ስላችሁ ግን ዕቃ መጠበቅ አናውቅም ማለቴ አይደለም። ኧረ በስማም! ያው ባለቤት ሲገባ ሶፋው ከነላስቲኩ ይገባል፣ ለዓመታትም ላስቲኩ አይነሳም። እንግዳ በተቀመጠ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በፌስታል ተጠቅልሎ በላስቲክ ታስሯል፤ ቁጥሮቹ አይታዩም፣ ግን አቧራ አልነካቸውም። የፍሪጁ እጀታ ዳንቴል ለብሷል። ሚሊዮኖች የፈሰሱበት ወለል ብቻ ነው በባዶ እግሩ የቀረው።

የእኛ ቤት አልቋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሰሞኑን ደግሞ ከላያችን ያለው ጎረቤት ሊጀምር ነውና ጎበዝ ፎርማን ጠቁመኝ ሲለኝ የእኛውን ፎርማን ስልክ ሰጠሁት። ኮርኒሳችንን በደንብ ያውቀዋል።