የልጆቻችንን ንግግር የሚመዝን ሰው አጥተናል

አዲስ አበባ ውስጥ «የቋንቋ ፈተና» ሲባል የብዙው ሰው ሐሳብ ወደ አይኤልትስና ወደ ቶፍል ይሄዳል። ከአገር ለመውጣት የሚቀመጡበት፣ ገንዘብ ተከፍሎበት ውጤቱ በጭንቀት የሚጠበቅ የአዋቂ ፈተና ነው። አሜሪካ የገባ ወላጅ ግን ብዙም ሳይቆይ ሌላ ዓይነት የቋንቋ ፈተና ይገጥመዋል። ልጁ ትምህርት ቤት በገባ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ንግግሩን ለመመርመር ፈቃድ የሚጠይቅ ወረቀት በደብተር ቦርሳው ታጥፎ ይመጣል።

የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሥራዬ በወላጅና በትምህርት ቤት መካከል ማስተርጎም ስለሆነ ያ ወረቀት በቤት ውስጥ ምን ዓይነት ድንጋጤ እንደሚፈጥር አያለሁ። እናት ዝም ትላለች። አባት «ልጄ ምን ጎደለው?» ይላል። ቀድሞ የመጣ ዘመድ በስልክ «እንዳትፈርሙ፣ ስፔሻል ኤድ ውስጥ ይከቱታል» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ማለቱ ነው።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገር ቤት አፉን ለመፍታት የዘገየ ልጅ ባለሙያ ፊት አይቀርብም ነበር። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይባላል፤ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» ይባላል፤ ጸበል ይወሰዳል። የሚንተባተበውን የሰፈር ልጆች ይስቁበታል፤ መምህሩም እንዳያሳፍረው ብሎ ሳይጠይቀው ዓመቱ ያልቃል። ከዘገዩት ብዙዎቹ በራሳቸው ጊዜ ስለሚናገሩ ያ ትዕግሥት አንዳንዴ ልክ ነበር። የጎደለን በራሱ ጊዜ የሚናገረውን ልጅ እርዳታ ከሚያስፈልገው ልጅ የሚለይልን ሰው ነው። ጆሮው በደንብ ስለማይሰማ ብቻ «አይታዘዝም» እየተባለ ሲገረፍ ያደገ ልጅ በየሰፈራችን ነበር።

እዚህ ያንን የሚለይ ሰው ራሱን የቻለ ሙያ አለው። የኛ ሰው በአጭሩ «ስፒች» ይለዋል፤ «ልጄ ስፒች ጀመረ» ሲባል ሁሉም ይረዳል። ስፒች ቴራፒስት፣ ማለትም የንግግር ባለሙያ፣ ሐኪም አይደለም፤ መምህርም አይደለም። የማስተርስ ዲግሪ ይይዛል፣ በሚማርበት ጊዜ 400 ሰዓት በክትትል ሥር ይሠራል፣ አገር አቀፍ ፈተና ያልፋል፣ ከዚያም ቢያንስ ለ36 ሳምንታት በነባር ባለሙያ እየታየ ይሠራና ሙሉ የምስክር ወረቀቱን ያገኛል። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው፤ መቶ ዓመት የሞላው ሙያ ነው ማለት ነው። የሥራ ቦታው ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የአረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ከንግግር አልፎ የመዋጥ ችግርንም ይመረምራል። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 ያወጣው መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 89 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ልጆቻችንን «ነርሲንግ ግቡ፣ ፋርማሲ ግቡ» እያልን የምንመክር ወላጆች ይህን ሙያ ስም ጠርተን ስናወራ ሰምቼ አላውቅም።

ሕጉም ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ካሊፎርኒያ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተፈትነው የአእምሮ ዝግመት አለባቸው ተብለው ልዩ ክፍል የገቡ ዘጠኝ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በስፓኒሽ እንደገና ሲፈተኑ የአብዛኞቹ ውጤት ከፍ አለ፤ ግዛቱም ልጆች በቋንቋቸው እንዲፈተኑ ተስማማ። በ1975 የወጣውና እስከ ዛሬ እየተሻሻለ የሚሠራበት የፌዴራል ሕግ ምርመራው ነፃ እንዲሆን፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንዳይጀመር፣ በተቻለ መጠንም በልጁ ቋንቋ እንዲካሄድ ያዛል። ምርመራውን ለመጨረስ ትምህርት ቤቱ ወላጅ ከፈረመበት ቀን ጀምሮ በፌዴራሉ ደንብ 60 ቀን አለው። ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑትም ሌላ የምርመራ በር አለ። ይህን ሁሉ ለወላጅ ሳስረዳ ፊቱ ሲፈታ አያለሁ። «አገራችን እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር» የሚሉኝ ብዙ ናቸው።

ከዚያ የምርመራው ቀን ይደርሳል፤ ሕጉ ያዘዘው ሰው ግን የለም። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወዲህ የመንግሥት ቅጾች በአማርኛ ታትመው እናገኛቸዋለን፤ የፈቃዱ ወረቀትም በአማርኛ ይመጣል። በአማርኛ የሚመረምር ስፒች ቴራፒስት ግን እጅግ ብርቅ ነው። በአገሪቱ ካሉት ባለሙያዎች ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ችለው የሚሠሩት ከአሥር አንድ አይሞሉም፤ ከእነሱም አብዛኞቹ የስፓኒሽ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የሥዕል መጽሐፍ የተዘጋጀው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ነው፤ ነጥቡ የሚነጻጸረውም ከእነሱ ጋር ነው። እኔ ጥያቄውን ወደ አማርኛ ብመልሰው ነጥቡ ወዲያውኑ ትርጉም ያጣል፤ በእንግሊዝኛ ለአራት ዓመት ልጅ ቀላል የሆነው ቃል በአማርኛ ከባድ ሊሆን ይችላልና።

ነገሩን ለማየት አንድ ግስ ይበቃል። ልጁ «አልመጣችም» ቢል በአንድ ቃል ማን እንዳልመጣች፣ ጊዜውንና አሉታውን ሁሉ ተናግሯል። እንግሊዝኛ ለዚያው አራት ቃል ይፈልጋል። የዓረፍተ ነገርን ርዝመት በቃል ብዛት የሚቆጥር መርማሪ ይህን ልጅ «ገና በአንድ ቃል ነው የሚናገረው» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። ድምፆቹም እንደዚያው ናቸው። ጠ፣ ጨ፣ ጰና ቀ ጉሮሮ ተዘግቶ፣ አየር አፍ ውስጥ ታምቆ የሚለቀቁ ድምፆች ናቸው፤ እንግሊዝኛ በዚህ መንገድ ድምፅን ከድምፅ አይለይም፤ ጆሮው ያልለመደ ሰው ልጁ ቃሉን ያበላሸው ይመስለዋል። በተቃራኒው ልጁ እንግሊዝኛ ሲናገር ምላስ በጥርስ መካከል የሚወጣበትን ድምፅ «ዝ» ወይም «ስ» ቢያደርገው ያ የአማርኛ ቅላጼ ነው፤ በሽታ አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ይህን ያውቃል ወይም ይጠይቃል። የሚጠይቁ ሲያጋጥሙኝ ደስ ይለኛል፤ የሚቸኩሉም አሉ።

ስለ ማስተርጎምም መናገር አለብኝ። በምርመራ ጊዜ አስተርጓሚ ሆኖ የሚቀመጠው ሰው ብዙውን ጊዜ ልጁን ይወዳል፤ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። «በል እንጂ የኔ ጌታ፣ ያቺ ምንድን ናት?» እያለ በዓይኑ መልሱን ያሳየዋል። ልጁ የተሰባበረ ዓረፍተ ነገር ሲናገር አስተካክሎ በጥሩ እንግሊዝኛ ያቀርበዋል። ባለሙያዋ መስማት የሚያስፈልጋት ግን ያንኑ ስብራት ነበር። ሙያው ለዚህ ደንብ አለው፦ ከምርመራው በፊት አስተርጓሚና ባለሙያ ተገናኝተው ይነጋገራሉ፣ በምርመራው ላይ አስተርጓሚው ልጁ ያለውን እንዳለ ያስተላልፋል፣ ካበቃ በኋላ ሁለቱ ተቀምጠው ምን እንደታየ ይወያያሉ። ጊዜ የለም እየተባለ የፊተኛውና የኋለኛው ንግግር ሲዘለል አያለሁ። አማርኛ የሚያስተረጉሙ ወገኖቼ «መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ስጡኝ» ብለው መጠየቅ ይልመዱ።

የልጁም ዝምታ አለ። የኛ ቤት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ ጸጥ እንዲል ይማራል፤ ጸጥ ያለው «ጨዋ» ተብሎ ይመሰገናል። የማያውቃት ሴት መኪና የተሳለበት ካርድ ይዛ «ይህ ምንድን ነው?» ስትለው፣ እሷ መኪና መሆኑን እያየች ለምን እንደምትጠይቀው ግራ ይገባዋል። ይህን ለባለሙያዎች ደጋግሜ አስረድቻለሁ። ግን ደግሞ እኛም ትልቅ ሰው የሚያውቀውን የሚጠይቅበት ባህል አለን። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልህ» የማይል ልጅ የለም፤ ካቃተው አገር ይሰጣል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። በእንቆቅልሽ የቃላት ሀብትም ይታያል፣ ነገርን ከነገር ማገናኘትም ይታያል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የጀመረ ልጅ ደግሞ ታሪክ በቅደም ተከተል መናገር ይችል እንደሆነ ራሱ ያሳያል። መርማሪዋ እነዚህን ብታውቅ ከሥዕል መጽሐፏ የበለጠ ትሰማ ነበር።

አንዳንድ ወላጆች ከመምህር ወይም ከሐኪም «እንግዲያውስ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» የሚል ምክር ይዘው ይመጣሉ። ይህ ምክር ያናድደኛል። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር ችግር አያመጣም፤ የንግግር ባለሙያዎቹ ራሳቸው የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። እውነተኛ ችግር ያለበት ልጅ ችግሩ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል፤ በአንዱ ብቻ ከታየ ያንን ቋንቋ ገና እየተማረ ነው። እንግሊዝኛዋ የሚቆራረጥ እናት አማርኛዋን ስትተው ልጁ የሚሰማው ያ የተቆራረጠው ብቻ ይሆናል፤ ከአያቱ ጋርም በስልክ መነጋገር ያቅተዋል።

በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ ከእኛ ቀድመው ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ዘመቻዎች ወደዚያ የመጡት ልጆች በተለመደው የችሎታ ፈተና ሲመዘኑ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙ ነበር። ሩቨን ፎየርስታይን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የቀየሰው ዘዴ ሌላ ነው፦ መጀመሪያ ፈትን፣ ከዚያ አስተምር፣ እንደገና ፈትን፣ የምትመዝነውም ልጁ ሲማር የሚያሳየውን ለውጥ ይሁን። በዚህ ዘዴ የታዩት የኢትዮጵያ ልጆች ከአጭር ትምህርት በኋላ ነጥባቸው በእጅጉ ከፍ ብሏል። ያ የተመዘነው የማሰብ ችሎታ ነበር፤ ዛሬ ግን አሜሪካ ያሉ ስፒች ቴራፒስቶችም ሁለት ቋንቋ ለሚሰሙ ልጆች ይህንኑ አካሄድ ይጠቀሙበታል። ወላጅ ስብሰባ ላይ «ልጄ ተምሮ ሲፈተንስ አይታችሁታል?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ የልጆች ብቻ አይደለም። በስትሮክ የተመቱ አባቶችና እናቶች በዚህ አገር መብዛት ጀምረዋል። ቃል የጠፋበትን በሽተኛ ለመመርመር በሰፊው የሚሠራበት አንድ የሥዕል ፈተና 60 ሥዕሎች አሉት፤ ከነዚያ መካከል ቢቨር የሚባለው የወንዝ እንስሳ፣ የበረዶ ጎጆና ፕሬትዝል የተባለው የተጠማዘዘ ብስኩት ይገኛሉ። ከደብረ ብርሃን በስተርጅና የመጡ አባት ቢቨርን በጤናቸውም ዘመን ስም አልጠሩትም። ወንጌልና ዳዊት በቃላቸው የሚወርድላቸው ከሆነ ግን መዝሙሩን ጀምሮላቸው የቱ ላይ እንደሚያቆሙ ማዳመጥ ብዙ ይነግራል። ያንን የሚያውቅ አብሯቸው ያስቀደሰ ሰው ነው።

አገር ቤት ነገሩ ይገለበጣል። ጆሮው አለ፣ ቋንቋው አለ፤ ሙያው ግን እጅግ ቀጭን ነው። አሜሪካ ኖራ የተመለሰችው ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ስትከፍት፣ ብዙ እንደዚያ ያሉ ልጆች ከቤት አይወጡም ነበር። ልጆቹን ንግግር ለማስተማርም በፊደላችን ላይ የተመሠረተ ዘዴ ራሷ ቀየሰች። ላንቃቸው ተሰንጥቆ የተወለዱ ልጆች ዛሬ በነፃ ቀዶ ሕክምና ያገኛሉ፤ ከተሰፋ በኋላ ድምፃቸው በአፍንጫ መውጣቱ መቆሙን ግን ማን ያዳምጣል? ጠ እና ጰ አየር አፍ ውስጥ ካልታመቀ አይወጡም፤ ስለዚህ የቀዶ ሕክምናው ፍሬ በእነዚህ ፊደሎችም ይሰማል። ሰሚው ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

በራስ ቋንቋ መመዘን እንደሚቻል አገራችን አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች የንባብ ምዘና በስድስት ቋንቋዎች ተካሂዶ ነበር፦ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛና በሐረሪ። ከ2ኛ ክፍሎቹ ሲሶ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አለመቻላቸው ያን ጊዜ ታወቀ፤ መራራ ቢሆንም ዕውቀት ነው። ለንግግርስ ለምን አይደረግም? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ሊቃውንት አሉት፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍልም አለው። የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ዓመቱ የትኞቹን ድምፆችና የትኞቹን የግስ ቅርጾች እንደሚለምድ በሰፊው ተመዝግቦ ቢወጣ፣ አዲስ አበባ ላለችው ነርስም፣ ሜሪላንድ ላለችው ስፒች ቴራፒስትም፣ ስቶክሆልም ላለው ባለሙያም ያገለግል ነበር።

ሥራው ከእኛ ከአገር ከወጣነውም ሊጀመር ይችላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፊደል የሚቆጥሩ ልጆች በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ወላጅ ፈቅዶ፣ ስማቸው ሳይጻፍ፣ ዕድሜያቸውና ቤት ውስጥ የሚሰሙት ቋንቋ ብቻ ተመዝግቦ አንዳንድ ተረት ሲናገሩ ቢቀረጹ ጥሩ መነሻ ይሆናል። ኮሌጅ የገቡት ታላላቅ እኅቶቻቸውና ወንድሞቻቸው ቅጂውን ቃል በቃል ሊጽፉት ይችላሉ፤ ከእነሱም መካከል ይህን ሙያ ለመማር የሚነሣ ቢገኝ፣ የማስተርሱን ክፍያ በዕድርና በማኅበር ተባብረን ልናግዘው እንችላለን።