ታሪካቸውን የግድ ቀብር ላይ ነው የምንሰማው?

ወገኖቼ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው፣ ቅር ያለው ይበለው። አረጋውያን መኖሪያ የገባ ሰው ታሪኩ በሩ ላይ ያለቀ ይመስል ማንም የማይጠይቀው ለምንድነው? በዓል ሲደርስ ግር ብላችሁ ትሄዳላችሁ፣ ካርቶን ታስረክባላችሁ፣ ከእናቶች ጋር ሰልፊ ትነሳላችሁ፣ ማታ ፖስት ይደረግና ላይኩ ይዘንባል። እስቲ ያቀፋችኋቸው እናት ማን ይባላሉ? ስሙ እሺ ይቅር፣ በጉልበታቸው ጊዜ ምን ይሰሩ ነበር?

ፋይላቸው ላይ እኮ ስኳሩም ግፊቱም የሚውጡት ኪኒንም ተጽፏል፣ ሰውየው ብቻ ነው የሌሉበት። ይሄ ደግሞ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌሊት ጥበቃ የነበሩ አባት የመርሳት በሽታ ይዟቸው ሌሊት እየተነሱ በር በር እየነካኩ ቢዞሩ፣ ታሪካቸውን የሚያውቅ ተንከባካቢ "አባባ ይምጡ አብረን እንየው፣ ሁሉም ተቆልፏል" ብሎ አዙሮ ሊያስተኛቸው ይችላል፣ የማያውቀው ግን አስቸገሩን ብሎ የእንቅልፍ መድሃኒት ይታዘዝላቸው ይላል። ልዩነቱ ልጆቻቸው ሲያስገቧቸው ሊናገሩት ይችሉ የነበረ አንድ መስመር ነው!

"ሽማግሌ ያው የድሮውን ይደጋግማል" እያላችሁ ስልካችሁ ላይ የምትተከሉትም ስሙ። ድሮ ሃኪሞቹም እንደናንተ ነበሩ፣ ያለፈውን ማውራት የመጃጀት ምልክት ነው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ሮበርት በትለር የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሃኪም ግን በ1963 እ.ኤ.አ. ኧረ ተዉ፣ ይሄ ሰው ሞቱ እየቀረበ ሲመጣ ህይወቱን መለስ ብሎ የሚያይበት፣ ያልተቋጨበትን የሚቋጭበት ተፈጥሯዊ ነገር ነው ብሎ ጻፈ። ስንት ዓመት ሆነው! እኛ ጋር ገና አልደረሰም መሰለኝ።

የምንሰማው መቼ ነው? ቀብር ላይ። ያኔ ልጆቹ እየተደዋወሉ "የተወለዱት መቼ ነበር? መጀመሪያ የት ነበር የሰሩት?" ይባባላሉ፣ የሚያውቀው ሰውዬ ደግሞ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ከዛ "ደግ፣ ሩህሩህ፣ ሰው ወዳድ ነበሩ" ተብሎ ይነበባል፣ ባለፈው ለሌላው የተነበበው ራሱ።

ስትጠይቁም ደግሞ አጠያየቅ አለው። "እኔ ማነኝ? አወቁኝ?" ብሎ ፈተና መፈተን ምን የሚሉት ነገር ነው? አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወስደው የቅርቡን ትዝታ ነው፣ ትናንት ማን እንደመጣ የጠፋባቸው ሰው የመጀመሪያ አለቃቸውን ሊያሙላችሁ ይችላሉ። ጤነኛውም ቢሆን በስተርጅና ህይወቱን ሲያስታውስ ከ10 እስከ 30 ዓመቱ አካባቢ ያለው ነው ጎልቶ የሚመጣለት፣ ስለዚህ ከዛ ጀምሩ። "ህይወትዎን ያጫውቱኝ" ካላችሁ "ምን አለው ልጄ" ተብሎ ያልቃል፣ በመጀመሪያ ደሞዝዎ ምን ገዙ፣ ስራውን ማን አስተማረዎት፣ ከማን ጋር ነበር የሚያመሹት በሉ እንጂ። ዓመተ ምህረት ቢሳሳቱ አታርሙ፣ ታሪክ ፈተና ላይ አይደላችሁም። ጆሯቸው ከደከመ ቲቪውን ዝጉና ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ረጋ ብላችሁ አውሩ፣ ጩኸት ድምፁን ያበላሸዋል እንጂ አያጠራውም። የማይነካ ቁስል ያለውም አለ፣ ፊታቸው ከተለወጠ ወደ ሌላ ጨዋታ እለፉ፣ ጋዜጠኛ አትሁኑ።

ቅጂውንም በተመለከተ፣ ፈቃድ ሳትጠይቁ ሪከርድ አታድርጉ፣ እንባቸውን ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ፣ ታሪኩ የሳቸው ነው። ከፈቀዱ ቅዱና አንድ ኮፒ ለቤተሰብ ስጡ፣ እሳቸው ይሁን ያሉትን ያህል ደግሞ ለተንከባካቢዎቹ ጽፋችሁ ፋይሉ ውስጥ አስገቡላቸው። እምቢ ካሉም ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ጨዋታው ግን ይቀጥል።