ይድረስ ለክቡር አቶ አፕዴት

ላፕቶፔ ውስጥ፣ ከሰዓቱ ጎን

ጉዳዩ፦ ወይ እንዲጫኑ ወይ እንዲተዉኝ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር ደኅና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለወጉ አይደለም። ከነሐሴ ጀምሮ መጣሁ፣ መጣሁ እያሉ አንድ ቀን እንኳ ገብተው አልተቀመጡም።

ቀን እንደማይስቱ አውቃለሁ። ወር በገባ በሁለተኛው ማክሰኞ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እንደ ማኅበር ከች ይላሉ። እኔም ጠላ ባልጠምቅ ዳታ ገዝቼ እጠብቅዎታለሁ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ደግሞ ተራ ማክሰኞ አልነበረም። ሐምሌ 2007 የወጣው፣ ላፕቶፔን የሚያሠራው ዊንዶውስ 10፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን ነበር። የመጨረሻው ማኅበር ነው ብዬ ቡና አፈላሁ።

ዳታዬን ጠጥተው ሲጨርሱ ላፕቶፑ ጠፍቶ ይነሳ አሉ። ይነሳ አልኩ። ነጠብጣቦቹ መዞር ጀመሩ። «ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» ይላል። እኔ መች አጠፋሁ? የሚያጠፋው መብራቱ ነው! ባትሪዬ እንደሆነ ካረጀ ቆይቷል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ ውዳሴ ማርያም አያስደግምም። ስለዚህ አንድ ዓይኔን አምፖሉ ላይ፣ አንድ ዓይኔን መቶኛው ላይ ተክዬ ተቀመጥኩ።

አቦል ተቀዳ። 30 በመቶ። ቶና ተቀዳ። 30 በመቶ። በረካው ቀጥኖ ቀጥኖ የሻይ መልክ ሲይዝ እርስዎ እዚያው 30 ላይ ነዎት። ከዚያ ምን አሉ? «ማሻሻያውን ማጠናቀቅ አልተቻለም። ለውጦቹን በመቀልበስ ላይ።»

መብራት እኮ አልሄደም! ያን ቀን መብራቱ እንኳ አላሳፈረኝም።

ከዚህ በኋላ «አንተ» ብልህ ቅር እንዳይልህ። አንቱታው በረካው ላይ አልቋል።

ትተህልኝ የሄድከው ማስታወሻ ላይ «ዜሮ ኤክስ 800ኤፍ0922» ይላል። የሎተሪ ቁጥር መስሎኝ ነበር። ስጠይቅ፣ አንዳንዴ ለሲስተሙ የተያዘችው ትንሽ የዲስክ ክፍል ስትሞላ የሚመጣ ነው አሉኝ። ለካ አመልህ ነው! በ2024 መጀመሪያም (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሰው ቤት 80070643 የሚል ቁጥር ጥለህ ወጥተሃል። ያኔም ሪከቨሪ ፓርቲሽን የሚባለው ጓዳ ጠቦህ ነበር። መድኃኒቱ ደግሞ ባለቤቱ ራሱ በእጁ 250 ሜጋባይት እንዲያሰፋልህ። አንተዬ፣ «ጓዳህ ጠበበኝ» ማለት ይከብዳል? ሰው እንግድነት ሄዶ መቀመጫ ሲያጣ «ጠጋ በሉልኝ» ይላል እንጂ ቁጥር ጽፎ አይወጣም።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። አገልግሎትህን አስቁሜ የወረዱትን ፋይሎችህን ጠረግኩ። ትእዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት ከፍቼ «ኤስኤፍሲ ስካንናው» ብዬ ሲስተሙን አስመረመርኩ። ምርመራው ምንም ችግር አላገኘሁም አለ። ሰፈራችን ያለው ልጅ ጋ ወሰድኩት። ገና ክዳኑን ሳይከፍት «ፎርማት ይደረጋ!» አለኝ። (ለዚህ ልጅ ኪቦርዴ ተነቀለ ብትለውም ፎርማት ነው።)

በመጨረሻ አንድ ወዳጄ «አፕዴት እምቢ ካለህ አፕግሬድ አድርገው» አለኝ። ወደ ዊንዶውስ 11 ከነፋይልህ ተሻገር፣ በላይ በላዩ ሲጫን የተበላሸውም አብሮ ይታደሳል፣ አለ። ደስ አለኝ። ፍላሽ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ ላፕቶፑ መስፈርቱን ያሟላ እንደሆን ላጣራ ብል ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ተጠየቅኩ። እሱን ባዮስ በሚባለው የላፕቶፑ መነሻ ቅንብር ውስጥ ፈልጌ አበራሁ። ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ፤ ፕሮሰሰርህ ስንተኛ ትውልድ ነው?

ስድስተኛ። ከዱባይ ተጭኖ የመጣ፣ አንድ ቀን አስቀይሞኝ የማያውቅ ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል።

አይበቃም። ከጥቂቶች በቀር ስምንተኛና ከዚያ በላይ ነው የሚፈለገው።

እስቲ ልጠይቅህ። እኛ አገር ትውልድ የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው። ያውም ሰባት ቤት ድረስ ነው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ዝምድና ያልተገኘበት ሰው ተድሮ ይወልዳል፣ ይከብዳል። አንተ ስምንት ትላለህ! ልጅህን ልትድርልኝ ነው? እኔ የፈለግኩት ደብዳቤ መጻፊያና ፊልም ማያ ነው።

መስፈርቱን በጓሮ የሚያዘልል ዘዴ አለ ይሉኛል። አውቃለሁ። ግን በጓሮ የገባ ሰው ነገ ምሳ ሲቀርብ ይጠራ አይጠራ ዋስትና የለውም። ነገ ደግሞ አሁንም በአንተ እጅ ነው።

«አንድ ዓመት ተጨምሮልሃል፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የደኅንነት ማሻሻያ ይደርስሃል» የሚልም ሰማሁ። ተመስገን አልኩ። በማን በኩል ይደርሰኛል ብዬ ጠየቅኩ። በአንተ! በሩን አልከፍትም ያለኝ ዘበኛ ነው ለካ ፖስታ የሚያመጣልኝ።

ስለዚህ ሐሳቤ አጭር ነው። ጓዳውን አሰፋልሃለሁ። ዳታም እገዛለሁ። ቡናም አፈላለሁ፣ ካስፈለገ ፈንዲሻ ይጨመራል። አንተ ደግሞ 31 በል። ሌላ አልጠየቅኩም፤ 31 ብቻ።

ከሰላምታ ጋር
30 በመቶ ላይ የቀረው ደንበኛህ

ግልባጭ፦
ለባትሪዬ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርሰው በሕይወት ካለ
ለወርኃዊ ዳታዬ፣ ነፍስ ይማር
ሰፈራችን ላለው ልጅ፦ ፎርማት እንዳታደርገው