የሚመራኝ ሳይኖር

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም የማታ ሺፍት ስሠራ ከምንከባከባቸው አንዷ የ91 ዓመት አሜሪካዊት እናት ነበሩ። ሌላው ሠራተኛ ሁሉ በስማቸው ይጠራቸዋል፤ እኔ ግን አንደበቴ እሺ ስላላለኝ ትርጉሙን ነግሬያቸው "እማማ" እላቸው ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ከመተኛታቸው በፊት መጽሐፍ ቅዱስ አነብላቸዋለሁ። አንድ ምሽት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ደረስን፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው መንገድ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብ የነበረው፣ የኢትዮጵያ ንግሥት የሕንደኬ ጃንደረባ ታሪክ ነው። ፊልጶስ "በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ሲለው፣ "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" ይላል። እማማ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

"ይሄ ያገርህ ሰው አይደል? ምን ነበር የሚያነበው?"

መልስ አጣሁ። በአርባ ቀኔ ክርስትና ተነሥቻለሁ፤ ያደግሁትም ማተብ አንገቴ ላይ ታስሮ ነው። የጃንደረባውን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ (የታሪክ ሰዎች ሕንደኬ በዛሬዋ ሱዳን የነበረችው የሜሮዌ ንግሥታት መጠሪያ ነበር ይላሉ፤ እኛ ቤት ግን ሰውየው የኛው ነው)። ሰውየው ምን ያነብ እንደነበር ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። እማማ ኢሳይያስ 53ን አስገለጡኝ። ስለ እኛ በደል የቆሰለው፣ እንደሚታረድ ጠቦት ዝም ያለው ማን እንደሆነ ገባኝ። ሥራ ጨርሼ መኪናዬ ውስጥ ስገባ ሞተሩን ማስነሣት አቃተኝና መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የጸለይኩት ያኔ ነው።

አገር ቤት ሃይማኖት እንደ አየር ነው። ሌሊት ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያ መኝታ ቤትህ ድረስ ይመጣል። ታክሲው ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ከሹፌሩ እስከ ረዳቱ ያማትባል። ይህን እወደዋለሁ፤ ይናፍቀኛልም። ነገር ግን ሁሉም ክርስቲያን ከሆነ ማን ማንን "ታስተውለዋለህ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል? እዚህ ደግሞ እሑድ ሥራ አለ፤ ጸሎት ቤቱ ኪራይ ነው፤ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መያዝ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት የራቁ ብዙ ወገኖች አሉ። እኔን ግን የጠራኝ እዚሁ ነው። አሜሪካውያን ጓደኞቼ "እምነቴን አገኘሁ" ይላሉ። እኛ "እግዚአብሔር ጠራኝ" እንላለን፤ ለእኔ እውነቱ የኛው አባባል ነው፤ ምክንያቱም ፈልጌ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ፍሬምናጦስን ደጋግሜ አስባለሁ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሁለት የጢሮስ ልጆች ከዘመዳቸው ከሜሮጵዮስ ጋር በመርከብ ሲጓዙ፣ ለስንቅ በቆሙበት ወደብ አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ ተገደሉ። ልጆቹ ዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙና ተርፈው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ ደግሞ ጽሕፈቱንና ሒሳቡን ያዘ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ እንዲያግዟት ለመነቻቸው። በመጨረሻ ነፃ ሲወጡ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ ለአክሱም ጳጳስ እንዲላክ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስን ጠየቀ። አትናቴዎስ የሾመው እሱን ራሱን ነው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ ሐምሌ 26 የምናስበው አባት እሱ ነው። በኢዛና ሳንቲም ላይ የነበረው ጨረቃ ወርዶ መስቀል የተተካው በዚያ ዘመን ነው። ያ ልጅ ዛፉ ሥር ዘመዱ ተገድሎበት ሲንቀጠቀጥ "እግዚአብሔር እየመራህ ነው" ብትለው ምን ይልህ ነበር?

እኔም የማታውን ሺፍት ጠልቼው ነበር። ወደ ቀን እንዲቀይሩኝ ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስት ጊዜ ተከልክያለሁ፤ አለቃዬንም አማርሬያለሁ። ተፈቅዶልኝ ቢሆን ኖሮ እማማ ክፍል ውስጥ አልገኝም ነበር።

እማማ ክረምቱ ሲገባ አረፉ። ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ለቄሱ እንድሰጥላቸው የክርስትና ስማቸውን ንገረኝ" አለችኝ። ያላቸው አንድ ስም ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። "እሱኑ ስጠኝ" አለች። እንግዳ ስም ስለሆነባት ቀስ ብዬ ደገምኩላት፤ በስልኩ ውስጥ እንዳይጠፋባት እያነበነበች ስትይዘው ይሰማኝ ነበር።