ከንፈር የማስመጠጥ ጥበብ

ስለ ኦቲዝም (ከልጅነት ጀምሮ ሰው የሚግባባበትንና አካባቢውን የሚረዳበትን መንገድ የተለየ ስለሚያደርግ የአእምሮ ዕድገት ሁኔታ) ዶክመንተሪ የሚሠሩ ሰዎችን ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። ስለ አንድ ልጅ የአንድ ሰዓት ፊልም ሠርቶ፣ ልጁን ራሱን አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ መጨረስ ቀላል ሙያ መሰላችሁ?

እናት ትጠየቃለች። አባት ይጠየቃል። ሐኪሙ ይጠየቃል፤ ከኋላው የመጻሕፍት መደርደሪያ አለ (ያለ መደርደሪያ ሐኪም የለም)። ጎረቤት እንኳ አይቀርም። ልጁስ? እዚያው ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ይሰማል። ግን አይናገርማ! የማይናገር ደግሞ አይሰማም፤ በዶክመንተሪ ሳይንስ የተረጋገጠ ነው። በሥዕል ካርድ ወይም በታብሌት የሚግባቡ አሉ መባሉን ተዉት፣ ቀረጻ ያጓትታል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ አንድ አጭር ፊልም ላይ አንዲት እናት ልጇን መኪና ውስጥ አስገብታ፣ መኪናውን እየነዳች ከድልድይ ለመውደቅ አስባ እንደነበር ተናግራለች። ልጅቷ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች።

መብራቱን ሳላነሳ ግን አላልፍም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ኃይለኛ ብርሃን፣ ድንገተኛ ድምፅ ወይም የለመዱት ነገር መለዋወጥ ያስጨንቃቸዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 ይህንኑ የስሜት ሕዋሳት ጉዳይ በምርመራ መስፈርቱ ውስጥ አስገብቶታል። ታዲያ ጀግኖቻችን ምን ያደርጋሉ? በጠዋት ስድስት ሆነው ይገባሉ። ሶፋውን ያዞራሉ። ልጁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የደረደራቸውን የጠርሙስ ክዳኖች "ለኬብል አይመችም" ብለው በእግር ገፋ ያደርጋሉ። ሁለት ትልልቅ መብራት ይተክላሉ። ፀጉራም ማይክ አናቱ ላይ ያንጠለጥላሉ። አንዱ "ጸጥታ!" ብሎ ይጮኻል።

ልጁ መጀመሪያ ጣቶቹን ያርገበግባል። ቀጥሎ ጆሮውን ይደፍናል። በመጨረሻ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይጮኻል። ያኔ ዳይሬክተሩ ካሜራማኑን በዓይኑ ይጠቅሰዋል፤ "ያዛት!" ማለቱ ነው። በኋላ ተራኪው በዚያ ወፍራም ድምፁ ምን ይላል? "ያለ ምንም ምክንያት..."

እጃችሁ ይባረክ! ስድስት ሰውና ሁለት መብራት ምን ምክንያት ነው?

ከዚያ ፒያኖ ይገባል። እናት እንባዋን ትጠርጋለች፣ ተመልካች ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ነገ ግን ልጁ አውቶቡስ ውስጥ ሲወዛወዝ ካየ ወንበር ይቀይራል። አንዳንዴ ለለውጥ ያህል ሊቅ ይመጣል፤ የተወለዳችሁበትን ቀን ሲነግሩት "ማክሰኞ ነው" የሚል። ምስኪን ወይም ሊቅ፣ ሌላ የለም። ቁጥር የማይወድ፣ ኪራይ የሚከፍል፣ አለቃውን የሚያማ ጎልማሳ ኦቲዝም አለበት ብትሏቸው ይስቁባችኋል። ለነገሩ በእነሱ ፊልም ልጆቹ ከአሥር ዓመት በላይ አያድጉም።

ደግሞ እውነታቸውን ነው። የሕፃናት ሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ ከዘረዘራቸው 11 ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ነበር። ሰውዬው አደገ። ባንክ ተቀጠረ፣ መኪና ነዳ፣ ጎልፍ ተጫወተ፣ ብዙ አገር ዞረ፣ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ። እስቲ አሁን እንዲህ ላለ ሰው ምን ተብሎ ከንፈር ይመጠጣል? ፒያኖውስ የት ጋ ይግባ?