ማስተካከያ፦ 21.7 በመቶው የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ውጤት ነው

የማንበቢያ መነጽር «የፋብሪካ ሠራተኞችን ምርታማነት በ21.7 በመቶ ያሳድጋል» ተብሎ ቀደም ሲል የወጣው መረጃ ይስተካከል። ቁጥሩ የተገኘው በሕንድ አሳም፣ ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ከተሳተፉበት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ከታተመ ጥናት ነው። የተለካው በቀን የተለቀመው ቅጠል ክብደት ስለሆነ፣ ለልብስ ስፌት ወይም ለኤሌክትሮኒክስ መገጣጠሚያ እንዳለ አይወሰድም።

ስለ መነጽሩ ኃይል «ለሁሉም +2.50 ይበቃል» የሚለው አባባል ግን ይበልጥ ጎጂ ነው። የሩቅ ዕይታው ደህና ሆኖ የቅርቡ ለደከመበት ሰው፣ +2.50 ዳዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ) ጥርት አድርጎ የሚያሳየው 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ሥራው 67 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ +1.50 ይስማማዋል፤ አለዚያ ወደ ማሽኑ ያጎነብሳል፣ አንገቱን ያመዋል፣ በመጨረሻም መነጽሩን ያወልቀዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ከዓይን እስከ ሥራው ያለው ርቀት ይለካ። ተራ የማንበቢያ መነጽር ከፍንጣሪ እንደማይከላከልም ይታወቅ።