ከመቆፈራችሁ በፊት ግንቡን እዩት

ተትቶ የኖረውን ባለግንብ የአትክልት ቦታ ነዋሪው በጋራ ሊያለማው መነሳቱን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ሥራው የሚጀመረው ሁሉንም በአንዴ መንጥሮ በመቆፈር ነው ተብሏል። እባካችሁ መጀመሪያ ግንቡን እዩት። የዚህ ቦታ ዋናው ሀብት እሱ ነው። ቀን የፀሐይ ሙቀት ይይዛል፣ ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። ብርድ የማይችሉ ፍራፍሬዎች እሱን ተጠግተው ቢተከሉ ይመቻቸዋል። የድሮ ግንብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተያያዘው በኖራ ነው። ስንጥቁን በሲሚንቶ ከደፈናችሁት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ጡቡ ራሱ ይፈረፈራል። በኖራ ይጠገን።

ቦታው ተዳፋት ከሆነ ቀዝቃዛ አየር ታችኛው ግንብ ሥር ይጠራቀማል። ውርጭ የሚመታው እዚያ ነው፤ ለስላሳ ችግኝ አታስቀምጡበት። አሮጌዎቹን ዛፎችም አትጣሏቸው። ደረቁን አንሱ፣ የቀረውን በሁለት ሦስት ዓመት ቀስ እያላችሁ ግረዙ።

ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ጥግ ብቻ ይበቃል። የቀረውን በካርቶን ሸፍናችሁ አረሙን አዳክሙት። ሰው የሚሸሸው ሥራው ሲከመርበት ነው። ቁልፉም አንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ከሥራ ወጥቶ አመሻሽ ላይ የመጣ ሰው በሩን ተቆልፎ ካገኘው ሁለተኛ አይመለስም።